የኡምኩልሱም ልብና የኩርሙክ መንገድ

ዐወድ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ደማዚን የሄደው ረመዳን ከተጋመሰ በኋላ ነበር። ኡምኩልሱም ከቤቷ እስከ አሶሳ መናኸሪያ ድረስ በእግሯ ሸኘችው። መኪናው እስኪሞላ አብራው ቆመች፤ ሞልቶ ሲነሣም ከዓይኗ እስኪሰወር ቆመች፤ ከዚያ ብቻዋን በእግሯ ተመለሰች። ይህን ነገር በኋላ ላገኘችው ሰው ሁሉ ታወራው ነበር። ምክንያት ነበራት። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከደጃፏ እስከ ሰፈሩ ቧንቧ ለመሄድ እንኳ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን የምትሰበስብ ሴት ነበረች።

ደም ከልቧ ወደ ሰውነቷ የሚወጣበት ትልቁ በር ደንድኖና ጠቦ ነበር። አንድ ቀን ገበያ መሀል ባሚያዋን ዘርግታ እንደተቀመጠች ራሷን ሳተች። አዲስ አበባ ሲወስዷት ሐኪሞቹ ሳንባዋ ደካማ ስለሆነ ደረቷን ከፍቶ መሥራት እንደማይቻል ተናገሩ። ሌላ መንገድ ግን አለ አሉ። ከውጭ የሚመጣ የሐኪሞች ቡድን ነበር፤ እነሱ በብሽሽቷ በኩል ባለው የደም ሥር አንድ የታጠፈ ቫልቭ አስገብተው ልቧ ውስጥ እንደ ጃንጥላ ዘረጉላት። ዐወድ ያን ቀን ሙሉ ከበሩ ሳይነቃነቅ የተስቢሑን ዶቃ ሲቆጥር ዋለ። ከክፍሉ ስትወጣ ጎንበስ ብሎ፣ «እንግዲህ ልብሽ አዲስ ሆነ፤ አሮጌው ሰውዬ እንዳይረሳ» አላት። ዐወድ እንዲህ ነው። በጭንቅ ሰዓት ቀልድ ይቀናዋል።

ዐወድ ሁለት ቤት ነበረው። ከአሶሳ ማንጎና ሰሊጥ ወደ ሱዳን ይወስዳል፣ ከዚያ ሳሙናና ጨርቅ ያመጣል፤ ደማዚን ውስጥ ኢኽላስ የምትባል ከኡምኩልሱም በብዙ የምታንስ ሚስት አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። ነገሩ ያኔ ኡምኩልሱምን አንገብግቧት ነበር። ለወራት አላናገረችውም። ሴት ልጃቸው ዋፋ በመካከል እየተመላለሰች፣ «ዩማ፣ አባባ ሻሂ ይፈልጋል»፣ «አባባ፣ ዩማ ሻሂው እዚያው ነው ትላለች» እያለች ነው ያ ጊዜ ያለፈው። ውሎ አድሮ ተለመደ። ዓመቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ይኖር ጀመር። ኡምኩልሱም የኢኽላስን ስም ከአፏ አታወጣም፤ «ያችኛዋ» ነው የምትላት።

የዚያን ዓመት ዒድ ከኢኽላስና ከልጁ ጋር አሳልፎ ሊመለስ ነበር የተስማሙት። ዒዱ ሳይደርስ ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። መጀመሪያ ስልኩ ይሠራ ነበር፤ ደማዚን ሰላም ነው፣ መንገዱ ይረጋጋ እንጂ እመጣለሁ ይላታል። ቀጥሎ ስልኩ አንዳንዴ የሚሠራ ሆነ። በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ።

ኡምኩልሱም የምትጠብቅበት የራሷ አሠራር ነበራት። ሐሙስ ሐሙስ የዐወድን ነጭ ጀለቢያ አውጥታ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ትተኩሳለች፣ ለጁምዓ እንዲደርስለት። ጁምዓ ሲያልፍ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ትመልሰዋለች። ዋፋ አንድ ጊዜ ያልተለበሰ ልብስ ለምን ይታጠባል ብላ ጠየቀቻት፤ እናቷ ማጠቧን ስለቀጠለች ሁለተኛ አልጠየቀችም። አመሻሹ ላይ ደግሞ ኡምኩልሱም ወንበሯን ይዛ ከግቢው ትወጣና ከድንበሯ ከተማ ከኩርሙክ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ከሚያልፉበት መንገድ ትይዩ ትቀመጣለች። የአቧራውን ቀለም አይታ ከየት እንደመጡ መለየት ጀምራ ነበር። ሾፌሮቹ ያውቋታል። አንዳንዱ ሳይቆም እጁን በመስኮት አውጥቶ ያወዛውዛል፤ የለም ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ትንፋሿ እንደገና ያጥራት ጀመር። መጀመሪያ ለማንም አልነገረችም። ወንበሯን ከግቢ ማውጣት ሲያቅታት በሩ ሥር መቀመጥ ጀመረች። እግሯ ሲያብጥ በተጠመጠመችው ረጅም ልብስ፣ በቶቧ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ማታ ትራስ ትደራርብና ቁጭ ብላ ታድራለች። ጎረቤቶቿ ናፍቆት ነው የጎዳት ይሉ ነበር፤ እሷም እንደዚያው ታምን ነበር። ሰው ሲናፍቅ ደረቱ ይጨንቀዋል፣ እህል አይበላም፣ እንቅልፍ አይወስደውም። የሷ ሁሉ እንዲያው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ሽንቷ እንደ ከርከዴ ሻይ ቀይ ሆኖ አየችው። ይህን መደበቅ አልቻለችም፤ ፈራችና ዋፋን ጠራቻት።

ዋፋ አስተማሪ ናት። የዚያን ዕለት ክፍሏን ለባልደረባዋ ትታ እናቷን በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደቻት። ስለሺ የሚባለው ወጣት ሐኪም ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አዙሮ ጀርባዋን ሰማ፤ ተመልሶ ደረቷን ሰማ።

«ሕመም አይደለም፣ ዶክተር» አለችው ኡምኩልሱም። «ናፍቆት ነው። ባሌ ሱዳን ቀረ።»

ስለሺ አልሳቀባትም። ወንበሩን ወደሷ አስጠጋና ባሏ መቼ እንደሄደ፣ ወሬ ካገኘች ምን ያህል እንደሆናት ጠየቃት፤ ሁሉንም ከሰማ በኋላ፣ «እማማ፣ ናፍቆቱም አለ» አላት። «ናፍቆት ግን ሽንት አያቀላም። ልብዎ አንድ ጊዜ ከመታ በኋላ የሚነፍስ ድምፅ እሰማለሁ። ወደፊት መሄድ የነበረበት ደም ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ሄደው ይታዩ።»

አዲስ አበባ ያየቻት ዶክተር ለተማርያም የተባለች የልብ ሐኪም ነበረች፤ አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ፀጉሯ ከፊት ለፊት መሸበት የጀመረ። ልቧን በአልትራሳውንድ አየች፣ ሌላ ክፍል ልካ በትልቁ መሣሪያ ፎቶ አስነሣቻት፣ ከዚያ እናትና ልጅን አጠገቧ አስቀመጠቻቸው።

ኡምኩልሱም ቤቷ ውስጥ የምታወራው በርታኛ ነው። አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱና ወንዱ፣ አንተውና እርስዎው ይምታታባታል። «አንተ ንገረኝ» አለቻት ዶክተሯን። «አትደብቅ።» ዋፋ አፈረች። ዶክተር ለተማርያም ግን ፈገግ ብላ መናገር ጀመረች።

«እማማ፣ ቫልቩ ራሱ ጤነኛ ነው። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ችግሩ ያለው ዳሩ ላይ ነው። ቫልቩ የሽቦ ቅርጫት በሉት። ከወገቡ በታች ጨርቅ ለብሷል፣ ከላይ ባዶ ሽቦ ነው። ጨርቁ ከልብዎ ግድግዳ ጋር ገጥሞ ዙሪያውን መድፈን ነበረበት። ልብ እየመታ ነው የሚገባው፤ ሲዘረጋ ከሚፈለገው ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ጨርቁ መድፈን ከነበረበት ቦታ በታች ዋለ። ልብዎ የገፋው ደም ከፊሉ በባዶው ሽቦ መካከል ተመልሶ ይገባል። ሽንትዎን ያቀላውም እሱ ነው፤ ደሙ በሽቦው መሀል ሲሾልክ ይፈጫል።»

ዋፋ ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልታወቀም ስትል ጠየቀች። ዶክተሯ ያኔም እንደታየ፣ ግን ትንሽ ስለነበር ልቧ ይችለዋል ተብሎ እንደታሰበ ነገረቻት። ልቡም ሲችለው ቆይቶ ነበር። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ እየሠራ፣ የገፋውን ደም መልሶ እየገፋ፣ አሁን ደከመው።

ኡምኩልሱም ትንሽ አሰበች። «ቤት የቀርከሃ» አለች። «ግድግዳ ግማሽ ጭቃ መረጉት፣ ግማሽ ተዉት። ነፋስ ገባ።»

«ልክ እንደዚያ ነው።»

መፍትሔውም ሌላ ቫልቭ ነበር፤ ታጥፎ በዚያው መንገድ ገብቶ በመጀመሪያው ውስጥ፣ ከፍ ብሎ የሚዘረጋ። የዚህኛው ጨርቅ ወፍራምና ለስላሳ ነው፣ ባዶውን ሽቦ ከውስጥ ይሸፍነዋል አለች ዶክተሯ። ልኩ ግን እንዲሁ በግምት የሚያዝ አይደለም። ቢጠብ ዳሩ እንደገና ያፈስሳል፤ ቢሰፋ ደግሞ የልብን አንገት ሊቀድ ይችላል፤ ከልክ በላይ ከፍ ቢልም ልብ ራሱ ደም የሚያገኝባቸውን ሥሮች ይዘጋል። ስለዚህ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ልትለካ፣ ቡድኑ እስኪመጣም ለኡምኩልሱም ውኃውን የሚቀንስ መድኃኒት ልትሰጣት፣ እሷም ጨው ልትተውና ራሷን ልታሳርፍ ተነጋገሩ።

«ኩርሙክ ሄጄ ልምጣ?» አለች ኡምኩልሱም።

«አይሆንም።»

«ልይ ብቻ። መንገዱን።»

«እማማ፣ ቫልቩ ከገባ በኋላ የትም ይሂዱ። አሁን ግን አይሆንም።»

አሶሳ ተመልሳ መጠበቅ ያዘች። አሁን የምትጠብቀው ሁለት ሆነ። ከዐወድ ወሬ፣ ከዶክተሯ ጥሪ። የሚገርመው ሁለቱ በአንድ ቀን መጡ።

የዐወድ ታናሽ ወንድም አብዱልሐሚድ ኩርሙክ ላይ ሱቅ አለው። በአሮጌ ፒክአፑ ዕቃ ሊጭን አሶሳ ሲመጣ ቀጥታ ወደ ኡምኩልሱም ቤት ነው የሚገባው። የዚያን ቀን ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆመ። ደማዚን አጠገብ ካለችው ከሮሴሪስ በኩል ሸሽቶ የተሻገረ ሰው አግኝቶ ነበር። ሰውዬው ዐወድን ያውቀዋል። ዐወድ ከነቤተሰቡ ከኋላ በሚመጣው ሰው መሀል ነው፣ ዛሬ ነገ ይሻገራል ብሎታል።

ኡምኩልሱም የሰማችውን ለማመን ያህል ቃል በቃል አስደገመችው። ሰውዬው የት እንዳየው፣ ዐወድ ምን እንደለበሰ፣ ከስቶ እንደሆነ፣ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ። አብዱልሐሚድ የማያውቀውንም ጠየቀችው። ከዚያ ተነሥታ ሳጥኑን ከፈተች።

ዋፋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ልብስ ስትሸክፍ አገኘቻት። ከአዲስ አበባ ያን ጠዋት ለዋፋ ተደውሎላት ነበር፤ ቡድኑ ገብቷል፣ እናትሽን ይዘሽ ነይ ተብላለች። እሷም የምሥራች ይዛ እየሮጠች ነበር የመጣችው።

«ቡድኑ ይቆይ» አለች ኡምኩልሱም።

«አይቆይም፣ ዩማ። ሲሄዱ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም።»

«አባትሽስ መቼ እንደሚመለስ ይታወቃል? ተሻግሮ እኔን ቢያጣኝስ? ሞታ ነው ቢልስ?»

«አጎቴ አለ። ይነግረዋል።»

«አንቺ አልገባሽም» አለቻት እናቷ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እኔ ሌላው ሰው ነግሮት እንዲያውቅ አይደለም የጠበቅሁት። ቆሜ እንዲያየኝ ነው።»

ዋፋ አለቀሰች፣ ለመነች፣ አብዱልሐሚድን እንዲናገራት ገፋችው። እሱም እንደ ወጉ በልጇ ስም ጠርቶ ሞከረ። «ኡም ዋፋ፣ እኔ ልሂድና ላምጣልሽ» አላት። አልሰማችም። በነጋታው ጠዋት ፒክአፑ ሲነሣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዋፋም ከኋላ ገባች።

ከአሶሳ ሲወጡ ደህና ነበረች። ቀርከሃው በግራ በቀኝ ዝናብ ጠጥቶ ቆሟል፤ እሷ ስለ ዐወድ ታወራለች፤ ወጣት ሳለ በዚህ መንገድ በአህያ ነበር የሚሄደው፣ አንዴ ጅብ አሳድዶት ጫማውን ጥሎ መጣ። አብዱልሐሚድ ጅቡን እሱም እንደሚያስታውሰው፣ ጫማው ግን የሱ እንደነበር ተናገረ። ሳቁ። መንገዱ ሲበላሽና ፒክአፑ መንገጫገጭ ሲጀምር ዝም አለች። ሆሞሻ ሲደርሱ ዋፋ ከኋላ ሆና የእናቷን ትንፋሽ ትሰማው ነበር፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። ከንፈሯ ጠቁሯል። በአንድ እጇ ዳሽቦርዱን ይዛ ወደፊት ተደፍታለች፣ ልክ ዳገት የምትወጣ ይመስል።

አብዱልሐሚድ ማንንም ሳይጠይቅ መኪናውን አቆመ። በሩን ከፍተው ቶቧን አላሉላትና ነፋስ እንዲያገኛት አደረጉ። ብዙ ቆይታ ትንፋሿ በመጠኑ ሲመለስ ወደ ፊት በእጇ አመለከተች። ሂድ ማለቷ ነበር።

«አልሄድም» አለ አብዱልሐሚድ። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው የተናገረው። «ወንድሜን በሬሳሽ አልቀበለውም።»

ኡምኩልሱም አልተከራከረችም። አቅም አልነበራትም። መኪናው ሲዞር አንገቷን ጠምዝዛ በኋላ መስኮት መንገዱን አየች፤ ቀዩ መንገድ በቀርከሃው መሀል ወደ ኩርሙክ ይወርዳል። ያለቀሰችው ያኔ ነው። ድምፅ አልነበረውም፤ ለልቅሶ የሚሆን ትንፋሽ እንኳ አልተረፋትም ነበር። ዋፋ እንደምትለው እናቷ በሽታዋን የጠላችው የዚያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ናፍቆቷ አካል አድርጋ ተሸክማው ነበር፤ ያን ቀን ግን ከናፈቀችው ሰው መንገድ መለሳት።

ሆስፒታል ገብታ ኦክስጅን ካገኘችና ካገገመች በኋላ ስለሺ ራሱ ደውሎ የአውሮፕላን ጉዞዋን ከዶክተር ለተማርያም ጋር ተነጋገረበት። ቡድኑ ሳይመለስ ከዋፋ ጋር አዲስ አበባ ገባች።

ኡምኩልሱም በሥራው ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተኛችም። ብሽሽቷን አደንዝዘው ከፊሉን በእንቅልፍ፣ ከፊሉን በንቃት ነበረች። ከአናቷ በላይ ባለው ስክሪን ልቧ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲመታ ይታያል፤ በመሀሉ የመጀመሪያው ቫልቭ እንደ ትንሽ የሽቦ ጎጆ ተቀምጧል። ዶክተር ለተማርያም ከእንግዶቹ ሐኪሞች ጎን ቆማ ነበር። ገፍተው አንድ ቦታ ይደርሳሉ፣ ያቆማሉ፣ ያያሉ፤ ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፣ እንደገና ያያሉ። ከመካከላቸው ማንም አይቸኩልም። ልቧ ቫልቩን ገፍቶ እንዳያንሸራትተው በመሣሪያ በኃይል አስሮጡት። በኋላ ስታወራው፣ ደረቴ ውስጥ መንጋ ሙሉ ፍየል ሲሮጥ ሰማሁ ትላለች። ሸሃዳዋን ያዘች። ወዲያው ሁሉም ጸጥ አለ።

በደም ሥሯ ቀለም ረጩና በስክሪኑ አዩ። ዶክተር ለተማርያም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። «ገጥሟል፣ እማማ። ወደ ኋላ የሚመለስ ደም የለም ማለት ይቻላል። እንደ ክር የቀጠነ ቀርቷል፤ እሱ አይጎዳዎትም።»

ማታውኑ ትራስ ሳትደራርብ በጀርባዋ ተኛች። ሽንቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠራ። ሲነጋ ሲነጋ ግን ዋፋን የምትጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ አጎትሽ ደወለ? ዋፋ መረቡ ተቋርጧል ትላታለች። መረቡ አልተቋረጠም ነበር። አብዱልሐሚድ ሥራው ከመሠራቱ በፊት በነበረው ቀን ደውሎ ነበር። ኢኽላስና ልጇ ተሻግረዋል። ዐወድ ግን ከነሱ ጋር አልነበረም።

ዋፋ ይህን የነገረቻት አሶሳ ከገቡ በኋላ፣ ስለሺ አይቷት ልቧ መርጋቱን ካረጋገጠላቸው በኋላ ነው። ኡምኩልሱም ሰምታ ተነሣችና ጓሮ ሄደች። ማንጎው ሥር ብዙ ቆየች። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ያችኛዋ የት አለች?» አለች።

«ኩርሙክ፣ መጠለያው ውስጥ።»

«ልጅቷስ?»

«አብራት ናት።»

ሐኪሞቹ ከፈቀዱላት በኋላ አብዱልሐሚድ መጥቶ ወሰዳት። ሆሞሻን ሲያልፉ ዋፋ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር፤ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ኩርሙክ ሲደርሱ ጊዜያዊው መጠለያ ዳገት ላይ ነበር፤ በላስቲክ የተሸፈኑ ጎጆዎች፣ ውኃ ለመቅዳት የተሰለፉ ሴቶች። መኪናው አይወጣም ተባለ። ኡምኩልሱም ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ጀመረችው። ዋፋ ክንዷን ልትይዝ ስትል አስለቀቀቻት።

ኢኽላስን አይታት አታውቅም፤ በልቧ የምታውቃት ኢኽላስ ወፍራም፣ ወርቅ ያደረገች፣ የምትስቅ ሴት ነበረች። ከላስቲኩ ሥር የወጣችው ግን የከሳች፣ እግሯ በመንገድ የተሰነጣጠቀ፣ ቶቧ ከዳር እስከ ዳር የተቀደደ ልጅ እግር ነበረች። ከኋላዋ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ አጮልቃ አየች። ረሺዳ ትባላለች። ግንባሯ የዐወድ ግንባር፣ ጆሮዋ እንኳ እንደሱ ወደፊት የወጣ ነው። ኡምኩልሱም ልጅቷን ስታይ ለሰላምታ ያዘጋጀችውን ቃል ረሳች።

ሁለቱ ሴቶች በዓረብኛ ተነጋገሩ። ኢኽላስ መጀመሪያ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ከደማዚን አብረው እንደወጡ፣ መንገድ ላይ አንድ ኬላ ደርሰው የታጠቁ ሰዎች ወንዶቹን ለብቻ ሴቶቹን ለብቻ እንዳደረጓቸው ነገረቻት። መኪናው ሴቶቹን ይዞ እንዲሄድ ታዘዘ። ዐወድ ልጁን አንሥቶ ለኢኽላስ ሲያቀብላት የተናገረው ጥቂት ነው።

«አሶሳ ሂጂ፣ ኡም ዋፋ ዘንድ አለኝ» አለች ኢኽላስ። «ስትደርሺ ከሁሉ በፊት ትንፋሿን ጠይቂልኝ አለ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ትንፋሽሽ እንዴት ነው?»

ኡምኩልሱም አፏን በቶቧ ጫፍ ያዘች። ኢኽላስ ያጠፋች መስሏት ደነገጠች። ሲቆይ ኡምኩልሱም እጇን ዘረጋችና የልጅቷን ራስ ያዘች።

«ደህና ነው» አለች። «ዕቃሽን ሰብስቢ። ወደ ቤት እንሂድ።»

ነገሩ በአንድ ቀን አልቀለለም። ምዝገባው ጊዜ ወሰደ፤ አብዱልሐሚድ ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰ። አሶሳ ከገቡ በኋላም አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች መኖር ችግር ነበረው። ኢኽላስ ባሚያውን የምትሠራው በሌላ ዓይነት ነው፤ ኡምኩልሱም አሁንም ጨው ስለማትበላ ምግቡ አልጫ ሆኖባት ኢኽላስ ተደብቃ ትጨምራለች። ዐወድን በተመለከተ ደግሞ እያንዳንዷ የምታውቀው ሰው የተለየ ነበር። ኢኽላስ ዐወድ ዝምተኛ ነው ብላ ስታወራ ኡምኩልሱም ተገርማ፣ የማን ዐወድ ነው አለች። ደማዚን ውስጥ ለካ ቀልድ አይቀልድም ነበር። ኡምኩልሱም ይህን ስትሰማ ትንሽ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ እዚያ ሲኖር ከባድ ነገር ይሸከም እንደነበር አስባ አዘነችለት። ቀስ በቀስ ያላቸውን ማዋጣት ጀመሩ። አንዷ የዚያኛውን ግማሽ ዓመት፣ ሌላዋ የዚህኛውን ስታወራ፣ ረሺዳ በመካከላቸው ተኝታ ታዳምጣለች። ለኡምኩልሱም ግን ናፍቆቱ አልቀነሰም። የደረቷ ጭንቀት አሁን ሕመም ሳይቀላቀልበት የናፍቆት ብቻ ስለሆነ እንዲያውም ጠርቶ ይሰማት ነበር።

አንድ ከሰዓት ኢኽላስ ልብስ ስታሰጣ በኡምኩልሱም ስልክ የማይታወቅ ቁጥር ጠራ። ዋፋ ነች ያነሣችው። አንድ ቃል ሰምታ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዐወድ ነበር። ድምፁ ሩቅና የደከመ ነው። ለቀውኛል አለ። ሮሴሪስ አንድ ዘመድ ቤት ነኝ፣ መንገዱ ግን ዝግ ነው፣ ስልኩ የሰው ነው። ረሺዳ ሮጣ መጥታ አባባ አለች። ኢኽላስ አልሃምዱሊላህ እያለች ታለቅሳለች። ኡምኩልሱም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ያን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችውን ነገር ፈለገችው፤ አንዱም አልመጣላትም።

«ዐወድ» አለች ብቻ።

«እሰማሻለሁ» አላት። «ድምፅሽ ተለውጧል። ትንፋሽሽ ረዝሟል።» ከዚያ ነፋስ የመሰለ ነገር መስመሩ ውስጥ ገባና አንድ ቃል ተናገረ፤ ስልኩ ተቋረጠ።

መልሰው ደወሉ። አይሠራም። ሲመሽም ደወሉ፣ በነጋታውም። የመጨረሻው ቃል ምን ነበር በሚለው ሦስቱ ሴቶች አልተስማሙም። ኢኽላስ «ጠብቁኝ» ነው ያለው ትላለች። ዋፋ መሰናበቱ ነበር ባይ ናት። ኡምኩልሱም ግን «መጣሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ ትላለች፤ ይህን ስትናገር አትጨቃጨቅም፣ ሰው የሰፈሩን ስም እንደሚናገር ነው የምትናገረው።

ዐወድ እስካሁን አልመጣም። ከሮሴሪስ የሚሻገሩ ሰዎች አልፎ አልፎ አየነው ይላሉ፤ በሕይወት አለ፣ ዳቦ ቤት ይሠራል ይላሉ። አዲስ ሰው ተሻገረ በተባለ ቁጥር ኡምኩልሱምና ኢኽላስ አብዱልሐሚድን ይዘው ኩርሙክ ይወርዳሉ። አንደኛዋ በአንድ ወገን፣ ሌላዋ በሌላው ወገን ሆነው በሰዉ መሀል እያለፉ ፊቶችን ያያሉ፤ ሲጨርሱ ተገናኝተው ይተያያሉ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ለተሻገሩት ውኃ ያቀብሉና ይመለሳሉ።